እኔ ጋ ይሠራል

የሶፍትዌር ሰዎች ሲጨንቃቸው የሚመዟት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ «እኔ ጋ ይሠራል።» ደንበኛው ደውሎ ገጹ አልከፈት ብሎታል፣ የሒሳብ ሠራተኛዋ ቁልፉን ብትጫን ብትጫን መልስ አጥታለች፣ ሥራ አስኪያጁ ግንባሩን ቋጥሮ ከበላያችን ቆሟል። ዴቨሎፐሩ ግን ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ ያደርግና እጁን ወደ ስክሪኑ ዘርግቶ፣ «ይኸው፣ እኔ ጋ ይሠራል» ይላል።

እውነቱን ነው። እሱ ጋ ይሠራል። ክፋቱ፣ ደንበኛው ያለው እሱ ጋ አይደለም።

ሺ ቢታለብ ያው በገሌ አለች ድመት። የዴቨሎፐራችን ገል ደግሞ ደህና ገል ነው። ስክሪኑ ሰፊ፣ ብራውዘሩ ትናንት የታደሰ፣ ኢንተርኔቱ የቢሮ። እዚያ ላይ የማይሠራ ነገር ቢኖር ነበር የሚገርመው።

እኔ ቴስተር ነኝ። ሰዎች ሥራዬን ሲጠይቁኝ «የተሠራውን እሞክራለሁ» እላለሁ፤ «እሱማ ማንን ያቅተዋል» በሚል ዓይን ያዩኛል። እናቴ ለጎረቤት ስታስረዳ «ልጄ ኮምፒውተር ይነካካል» ነው የምትለው፤ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እስካሁን አላገኘሁም። ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ፣ እኔም በዓይኔ ካላየሁና በጣቴ ካልተጫንኩ አላምንም። ደመወዝ የሚከፈለኝም ለዚሁ አለማመን ነው።

ነገሩን ከሩቅ ለሚያየው ግራ ይገባል። ገጹ አንድ፣ ሰርቨሩ አንድ፤ ታዲያ ለምንድን ነው አንዱ ጋ አምሮ ሌላው ጋ የሚበላሸው? ሰርቨሩ የሚልከው ያለቀለትን ገጽ ስላልሆነ ነው። የሚልከው ትእዛዝ ነው፤ ርዕሱ እዚህ ይሁን፣ ይኼ አረንጓዴ ይሁን፣ ይኼን ሲነኩት ያኛው ይከፈት የሚል። ትእዛዙን አንብቦ ገጹን የሚያሰናዳው እያንዳንዱ ሰው ስልክ ውስጥ ያለው ብራውዘር ነው። የብራውዘር ስም ቢበዛም ሞተሮቹ ዛሬ በዋናነት ሦስት ናቸው፤ የክሮም ብሊንክ፣ የሳፋሪ ዌብኪት፣ የፋየርፎክስ ጌኮ። ኤጅም፣ ኦፔራም፣ ሳምሰንግ ኢንተርኔትም ልብሳቸው ይለያይ እንጂ ሆዳቸው ብሊንክ ነው። አይፎን ላይ ክሮም የጫነ ሰውም ከውስጥ የሚጠቀመው ዌብኪትን ነው፤ አፕል ለሌላ ሞተር በሩን መጀመሪያ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2024፣ ያውም የአውሮፓ ኅብረት ሕግ አስገድዶት፣ ለዚያው ገበያ ነው።

ብራውዘር ከሰርቨር ጋር ሲገናኝ መጀመሪያ ራሱን ያስተዋውቃል። እዚህ ማስተዋወቅ ላይ የሚዋሸውን ያህል የትም ሲዋሽ አልሰማሁም።

የሠርግ ድንኳን በር ላይ ቆመው እንግዳ የሚያስተናግዱ አጎት ያላቸው ሰዎች ነገሩ ቶሎ ይገባቸዋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ኔትስኬፕ የሚባል ብራውዘር ነበር፤ የጓዳ ስሙ ሞዚላ። ገጹን በክፍል በክፍል አድርጎ ማሳየት ስለሚችል፣ የድረ ገጽ ባለቤቶች «ሞዚላ ከሆነ ጥሩውን አቅርብለት፣ ካልሆነ ተራው ይበቃዋል» ብለው ሰርቨራቸውን አዘዙ። ማይክሮሶፍት በ1995 ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን ይዞ ብቅ ሲል በሩ ላይ ተራው ገጽ ጠበቀው። ምን ይበል? «ሞዚላ ነኝ» አለ። የሙሽራው ወገን ነኝ እንደ ማለት ነው። አጎት አስገቡት።

ከኋላ የተሰለፉት ይህን አዩ። ኮንከረር የሚባለው መጣና «ሞዚላ ነኝ፣ እንደ ጌኮም ነኝ» አለ። አፕል በ2003 ከኮንከረር ሞተር የበቀለውን ሳፋሪን ሲያወጣ የኮንከረርንም ዘመድነት ቆጥሮ ገባ። ጉግል በ2008 ክሮምን ሲያመጣ በሳፋሪ በኩል ተዛመደ። ዛሬ ኤጅ በር ላይ ሲደርስ «ሞዚላ ነኝ፣ አፕል ዌብኪት ነኝ፣ እንደ ጌኮ ነኝ፣ ክሮም ነኝ፣ ሳፋሪ ነኝ» ብሎ ዘሩን ቆጥሮ ሲያበቃ፣ የራሱን ስም መጨረሻ ላይ፣ ያውም የመጨረሻዋን ፊደል ቆርጦ ሹክ ይላል። ፊደሏ የተቆረጠችው የቀድሞውን ኤጅ የሚያውቁ በረኞች ከሱ ጋር እንዳያምታቱት ነው። ይኼ ቀልድ አይደለም፤ ዛሬም በየሰከንዱ በየሰርቨሩ በር የሚነገር ነው። ሙሽራው ኔትስኬፕ ከሞተ ስንት ዘመኑ፤ ሰዉ ግን አሁንም በሱ ወገን ይገባል።

ከእንግዶቹ ሁሉ አልወጣ ብሎ ያስቸገረው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 ነበር። በ2001 ወጣ፤ ተተኪው እስኪመጣ አምስት ዓመት ብቻውን ተንሰራፋ። ተተኪው ከመጣ በኋላም ሰዉ አልለቅ አለው። በመጨረሻ በመጋቢት 2010 አሜሪካ ዴንቨር ከተማ ያሉ የድረ ገጽ ሠሪዎች የሬሳ ሣጥን አዘጋጅተው የቀብር ሥነ ሥርዓት አደረጉለት። ማይክሮሶፍት ራሱ አበባ ላከ። ገዳይም ሟችም አስተዛዛኝም አንድ ቤት የሆኑበት ቀብር ይኼ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

መላ ቤተሰቡ በሰኔ 2022 ጡረታ ሲወጣ ደግሞ አንድ ደቡብ ኮሪያዊ የሶፍትዌር መሐንዲስ 430 ሺህ ዎን አውጥቶ የመቃብር ድንጋይ አስቀረጸለትና ጊዮንግጁ ከተማ ባለው የወንድሙ ቡና ቤት ጣሪያ ላይ አቆመው። ድንጋዩ ሟቹ ሌሎች ብራውዘሮችን ለማውረድ ጥሩ መሣሪያ እንደነበር ይመሰክራል። በምድር ላይ የኖረ ሁሉ አንድ በጎ ነገር አይጠፋለትም። ግን ሟቹ እውነት ሞቷል? ኤጅ ውስጥ በድሮው ብራውዘር ካልሆነ አልከፈትም ለሚሉ የመሥሪያ ቤት ሲስተሞች ተብሎ የተተወ ጓዳ አለ፤ ማይክሮሶፍት ቢያንስ እስከ 2029 ድረስ ላይዘጋው ቃል ገብቷል። ሁለት ጊዜ ተቀብሮ፣ አበባ ተቀብሎ፣ ሐውልት ቆሞለት፣ ዛሬም ቢሮ ይገባል።

ቁጥሩም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ኦፔራ በ2009 አሥረኛ ሥሪቱን ሲያወጣ ብዙ ድረ ገጾች የመጀመሪያዋን አኃዝ ብቻ አንብበው «አንድ ነህ፣ አርጅተሃል» ብለው መለሱት። ኦፔራም 10 መሆኑን ሸሽጎ በር ላይ «9.80 ነኝ» ማለት ጀመረ። ዕድሜ መቀነስ የሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። በ2022 ክሮምና ፋየርፎክስ ተከታትለው መቶ ሲሞሉ ያው ስጋት ተመልሶ መጣ፤ ሦስተኛ አኃዝ ያልጠበቁ ገጾች ይኖራሉ ተብሎ ወራት አስቀድሞ ሙከራ ተደረገ። ክሮም በ2021 አዲስ ሥሪት በየአራት ሳምንቱ ማውጣት ጀመረ። ቁጥሩን በቃሌ ለመያዝ መሞከር ካቆምኩ ቆየሁ።

ይኼ ሁሉ እድሳት ግን ከካሊፎርኒያ ተነሥቶ አዲስ አበባ ሲደርስ አንድ ነገር ይገጥመዋል። ፓኬጅ ይባላል። ስልኩ «ላድስ?» ሲል ባለቤቱ «ካርዴን ልትበላ!» ብሎ ያጠፋዋል። ያላጠፋውም ስልኩ በልጆች ፎቶና በሠርግ ቪዲዮ ታጭቋል፤ አዲሱ ሥሪት ማረፊያ የለውም። ከዚያ ደግሞ ኦፔራ ሚኒ አለ፤ ገጹን ራቅ ባለ ሰርቨር ላይ ጨምቆ አቅልሎ ስለሚልክ ለካርድ ቆጣቢ መድኃኒት ነው። በጭመቃው መሐል ግን ዴቨሎፐራችን ሳምንት የለፋበት ሸርተት የሚል ሜኑ ሸርተት ማለቱን ይተዋል። ተጠቃሚው ቅር አይለውም፤ ሜኑው ሸርተት ማለት እንደነበረበት ማን ነገረው?

ለዚህ ነው ጠረጴዛዬ ሥር ስልክ የሞላበት መሳቢያ ያለው። ባልደረቦቼ አዲስ ሲገዙ የሚጥሏቸውን፣ መርካቶ በቅናሽ የተገኙትን፣ ባለቤታቸው የጠፋውን ሁሉ እሰበስባለሁ። መስታወቱ እንደ ሸረሪት ድር የተሰነጠቀ ሳምሰንግ አለ። ትራንሽን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እዚሁ አገራችን ሲገጣጥማቸው የቆዩት ዓይነት ቴክኖዎች አሉ፤ አንደኛው ባትሪው አብጦ ጀርባው አይገጥምም፣ በላስቲክ ታስሯል። አንድ አይፎንም አለ፤ ቻርጅ የሚያደርገው ገመዱን ወደ ግራ ጠምዘዝ አድርገው ሲይዙለት ብቻ ነው። የጽዳት ሠራተኛችን አንድ ቀን መሳቢያውን ከፍታ አየችና «ውይ ልጄ፣ የሰው ስልክ ነው?» ብላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ። ከዚያ ወዲህ ቦርሳዋን እኔ አጠገብ አታስቀምጥም።

ሁሉም በእጅ ነው የሚሞከረው ወይ ያላችሁ እንደሆነ፣ ሮቦትም አለን። ሴሌኒየም ይባላል፤ በ2004 ቺካጎ ውስጥ የተጀመረ። የዚያን ጊዜ የመስኩ ጌታ ሜርኩሪ የሚባል ድርጅት ነበርና፣ የሜርኩሪን መርዝ ሴሌኒየም ያረክሰዋል ተብሎ በቀልድ የወጣ ስም ነው። ፈረንጆችም ሲከፋቸው ቅኔ ይዘርፋሉ። ሮቦቱ ሳይታክተው ብራውዘር እየከፈተ፣ ቅጽ እየሞላ፣ ቁልፍ እየተጫነ ያድራል። ያልታዘዘውን ግን አያደርግም። ሰው ደግሞ በዋናነት የሚያደርገው ያልታዘዘውን ነው።

ባለፈው ኅዳር የአንድ ሠፈር ዕድር አሠራን። አባላት ወርኃዊ መዋጯቸውን የሚያዩበት፣ የሚከፍሉበት፣ ለቅሶ ሲኖር መልእክት የሚደርሳቸው ገጽ ነው። በሙያችን አርብ ቀን አዲስ ነገር ዲፕሎይ ማድረግ ነውር ነው፤ ቅዳሜና እሑድን ስልክ ሲያነሡ መዋል ያመጣል። እኛ ቤት እንዲያውም ዴቨሎፐሮቹ አርብን ከሥጋና ከዲፕሎይ ነው የሚጾሙት። ስለዚህ ረቡዕ ማታ ለቀቅነው። ሐሙስ ጠዋት ስልኩ ጮኸ።

የቴስተር የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ናት፤ «በየትኛው ብራውዘር ነው የከፈቱት?»

«በዋይፋይ።»

«አይ እትዬ፣ ብራውዘሩን ነው።»

«ቴሌ ነው የኔ።»

ሌላው «በጉግል» ይላል፤ ይኼ እንኳ ወደ መንደሩ ተጠግቷል። አንዱ ቆጣ ብሎ «በጣቴ!» አለኝ። ለመሳቅ አትቸኩሉ። ጉግል በ2009 ኒውዮርክ ታይምስ ስኩዌር አደባባይ ላይ ሰዎችን አስቁሞ ብራውዘር ምን እንደሆነ ቢጠይቅ በትክክል የመለሱት ከመቶ 8 አይሞሉም ነበር። ሰው በሩን አያስተውልም፤ የሚያስተውለው የሚገባበትን ቤት ነው።

ያን ቀን ከመጡት አቤቱታዎች አንዱ የፊደላችን ነበር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ዊንዶውስ ኒያላ የተባለውን የአማርኛ ፎንት ይዞ የመጣው ደግሞ ከቪስታ ጀምሮ። ፓወር ግዕዝ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ የአማርኛ ጽሑፍ ስንከፍት የሚጠብቀንን የላቲን ፊደል ትርምስ የምናስታውስ ሰዎች፣ ዛሬ ፊደሉ መታየቱ ብቻ እልል ያሰኘናል። ግን መታየት አንድ ነገር ነው፣ መግጠም ሌላ። ዴቨሎፐሩ ቁልፉን የለካው በእንግሊዝኛ ቃል ነው። «ያረጋግጡ» የሚለው ቃል ሲገባበት በአንዳንዱ ስልክ ፎንቱ ሰፋ ስለሚል «ያረጋግ» ውስጥ ቀርታ «ጡ» ከአረንጓዴው ሣጥን ውጭ ብቻዋን ተንጠለጠለች። አንዲት አባል «ጡ የሚለውን ነክቼ ምንም አላመጣ አለኝ» ብለው ደወሉ። እውነታቸውን ነው። ዴቨሎፐሩ የፎንቱን ሠሪዎች ወቀሰ፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ማታ ግን ሳይናገር ቁልፉን አሰፋው።

ከቀትር በፊት የዕድሩ ሊቀ መንበር በአካል መጡ። ስማቸውን ልተወውና ጋሼ ልበላቸው። ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ስልካቸውን ከኮት ኪሳቸው በመሐረብ እንደተጠቀለለ አወጡ።

«ልጄ፣ ይኼ ስልክ ገጻችሁን አልቀበልም ብሏል።»

«ምን ይላል ጋሼ?»

«ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል ይለኛል። አንቱ እያለ ነው የሚሰድበኝ።»

ስልኩን ተቀብዬ አየሁት። ጥግ ላይ 5:20 ይላል፤ ልክ ነው፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሃያ ነበር። የቀኑን ማስተካከያ ከፈትኩ፤ ቀን 11፣ ወር 3፣ ዓመት 2018። ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር ቀና ብዬ አየሁ፤ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.። ጋሼ አውቶማቲኩን አጥፍተው፣ በገዛ እጃቸው፣ አንዲት ስሕተት ሳይሠሩ ስልኩን በአገራቸው አቆጣጠር ሞልተውታል። ስልክ ይደውሉበታል፣ ሬድዮ ያዳምጡበታል፣ ቅዳሜ ለእሑድ ቅዳሴ ያነቃቸዋል። ማንም ወደ ኋላ ቀርተዋል ብሏቸው አያውቅም።

ስልኩ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው፤ በሱ ሒሳብ ቀኑ ማርች 11፣ 2018 ነው። የተጠበቀ ድረ ገጽ ሁሉ ደግሞ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያገለግላል የሚል የምስክር ወረቀት ይይዛል፤ እንደ ሌትስ ኢንክሪፕት ያሉት ነፃ ሰጪዎች ሲሰጡት የቆዩት ለ90 ቀን ነው። የኛ ወረቀት በ2025 መጸው የተሰጠ ነው። እንግዲህ የጋሼ ብራውዘር ፊት የቀረበው፣ ከሰባት ዓመት በኋላ የሚጻፍ ወረቀት ነው። ማን ይቀበላል? እኔም ብሆን ፖሊስ እጠራለሁ።

«ጋሼ፣ ስልኩ 2025 መሆኑን ማመን አለበት።»

«ለምን ብሎ?»

«ዓለም እዚያ ደርሷል።»

«ዓለም ከቸኮለ የኔ ጥፋት ነው?» ከዘራቸውን አነሡ፣ መልሰው አስደገፉት። «ይኼ ገጽ ለማን ነው የተሠራው? ለዕድራችን። የዕድሩ መዝገብ በምን አቆጣጠር ነው የሚጻፈው?»

ዴቨሎፐራችን ከስክሪኑ ጀርባ አንገቱን ብቅ አደረገ። ለሱ ይኼ የተፈታ ጥያቄ ነው። የዛሬዎቹ ብራውዘሮች የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር በሆዳቸው ይዘዋል፤ የጠየቃቸው እንደሆነ 13ቱን ወር ከነጳጉሜን አስተካክለው ይጽፋሉ። እሱም ይህንኑ ተጠቅሞ የዕድሩን ቀናት ሁሉ በኛ አቆጣጠር አሳምሮ አስቀምጧል። «ጋሼ፣ ገጹ ከተከፈተልዎ እኮ ውስጡ ሁሉ በኢትዮጵያ ነው» አለ ኮራ ብሎ።

«በአገሬ አቆጣጠር የተጻፈውን ለማየት መጀመሪያ የፈረንጁን መቀበል አለብኝ ማለት ነው?»

ዴቨሎፐሩ አንገቱን ወደ ስክሪኑ ጀርባ መለሰ።

አውቶማቲኩን አበራሁላቸውና ገጹ ተከፈተ። ጋሼ ስማቸውን አገኙ፣ መዋጯቸውን አዩ፣ «ያረጋግጡ»ን ተጫኑ፣ ከፈሉ። ሁላችንም ፈገግ አልን። ከዚያ የስልካቸውን ጥግ አዩ። 11:40 ይላል።

«ቅዳሴ ሊያስቀሩኝ ነው እንዴ እነዚህ ልጆች» አሉና እዚያው ፊታችን ቆመው፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው፣ አውቶማቲኩን አጥፍተው ሰዓቱንም ቀኑንም ወደ ቦታው መለሱት። ገጹ ወዲያው ኩርፊያውን ቀጠለ። ሮቦታችን በዚያች ቅጽበት ሰርቨሩ ላይ ሁሉንም ፈተና አልፎ አረንጓዴ ምልክት እያበራ ነበር።

ይህን ሁሉ ቆሞ ያየው ሥራ አስኪያጃችን ነው። ሰውየው እኛ ከነሮቦታችን ያላሰብነውን በግማሽ ሰዓት አገኙ፤ ለምን በሳምንት አንድ ቀን እየመጡ አይሞክሩልንም? ወንበር ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠ። ሥራው ቀላል መሆኑን፣ መነካካት ብቻ መሆኑን፣ ሻይ እንደሚቀርብ፣ በወር ይኼን ያህል ብር እንደሚከፈል አስረዳቸው። ጋሼ ስልካቸውን በመሐረቡ እየጠቀለሉ አዳመጡት።

«በወር ነው ያልከው?»

«አዎ ጋሼ፣ በወር።»

«በነሱ ወር ነው በኛ?»

ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞር አለ። እኔ ወደ መሳቢያዬ አየሁ።

«ያው ነው ጋሼ» አለ።

«ያውማ አይደለም። ዕድሜዬን ሙሉ መንግሥት ቤት ስሠራ ጳጉሜን በነፃ ነው ያገለገልኩት» አሉና ከዘራቸውን አነሡ። «ጳጉሜን የምትከፍሉ ከሆነ ሰኞ እገባለሁ።»